«83 ቦታ አመለከትኩ፤ አንድም የደወለልኝ የለም»

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከሐዋሳ ነው። በ2015 ዓ.ም. በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። ውጤቴ 3.21 ነው፤ የመውጫ ፈተናውንም በመጀመሪያው አልፌያለሁ። ከዚያ ወዲህ በኢንተርኔት ያላመለከትኩበት የለም። በደብተር ስለምመዘግብ ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ 83 ነው። ባንክ፣ ኤንጂኦ፣ አስመጪ፣ ሆቴል፣ ትምህርት ቤት። አንድም የደወለልኝ የለም። «አልተመረጥሽም» ያለኝ እንኳ የለም። አሁን የምውለው እናቴ የእህል መደብር ውስጥ ነው። ሂሳቧን እይዝላታለሁ፤ ግን ይሄ ሥራ አይባልም። ጓደኞቼ «በሰው ካልሆነ አትገቢም፣ ዝም ብለሽ አትድከሚ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው? ሲቪዬንና ሁልጊዜ የምልከውን የማመልከቻ ደብዳቤ አያይዣለሁ። የጎደለውን በግልጽ ይንገሩኝ። — የደከማት፣ ከሐዋሳ»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ስከፍት ዓይኔ ያረፈው ቁጥሩ ላይ ነው። 83 ጊዜ ተስፋ አድርጎ 83 ጊዜ ዝም መባል ሰውን ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁ። ስለዚህ የላክሽውን ሁሉ ጊዜ ሰጥቼ አየሁት። ሰው ኃይል ክፍል በሠራሁባቸው ዘጠኝ ዓመታት የሰው ማመልከቻ ስከፍት በነበረበት ዓይን ነው ያየሁት።

ከጓደኞችሽ ነገር ልጀምር። አልዋሽሽም፤ በሰው የሚገባ አለ። ማስታወቂያው ሳይወጣ ባለቤቱ የታወቀ ቦታም አለ። እኔ ራሴ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት አይቻለሁ፤ ያን ቀን የተሰማኝን እስካሁን አልረሳውም። ግን ማስታወቂያ የሚያወጣ ሁሉ ለይስሙላ አያወጣም። ወር መዝጊያ ደርሶ የሂሳብ ሠራተኛዋ የለቀቀችበት፣ ሰው ጠፍቶት የተጨነቀ አለቃ ብዙ ነው። እሱ ከምር ነው የሚፈልገው። ያንቺ ማመልከቻ እንዲህ ያለ ሰው እጅም ገብቷል፤ ከ83 ውስጥ አንዱ ጋ እንኳ አልደረሰም ማለት አይቻልም። ደርሶ ግን አላስቆመውም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም ይሄኛው በእጅሽ ነው።

የማመልከቻ ደብዳቤሽን በአማርኛ ላስቀምጠው። «ድርጅታችሁ ባወጣው ክፍት የሥራ ቦታ ላይ ለመወዳደር ፍላጎቴን እገልጻለሁ። ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የምችልና ጫናን የምቋቋም ነኝ። አዳዲስ ነገሮችን በፍጥነት እማራለሁ። ዕድሉ ቢሰጠኝ ለድርጅታችሁ ዕድገት የበኩሌን አስተዋጽኦ አደርጋለሁ።»

ውሸት የለበትም። አንቺ ግን የለሽበትም። ከግርጌው ስምሽን ፍቀሽ የክፍል ጓደኛሽን ስም ብትጽፊበት ምንም አይጎድልበትም። ለባንክም፣ ለሆቴልም፣ ለትምህርት ቤትም የሄደው ይሄው ነው። 83 ማመልከቻ አልላክሽም እህቴ፤ አንድ ደብዳቤ 83 ጊዜ ነው የላክሽው።

በወዲያኛው ወገን ያለው ሰው ምን እንደሚያይ ልንገርሽ። ለአንድ ጀማሪ አካውንታንት ቦታ በመቶ የሚቆጠር ማመልከቻ ይገባል። ሰኞ ጠዋት ኢሜይሉን ትከፍቻለሽ፤ ገጹ ሙሉ «ሲቪ» የሚል ፋይል ነው። አንዱን ትከፍቻለሽ፤ ታታሪ ነው። ሁለተኛውን ትከፍቻለሽ፤ እሷም ታታሪ ናት፣ በቡድን ትሠራለች። አሥረኛው ላይ ስትደርሺ ቃላቱ ዓይንሽ ላይ አይቀሩም። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም የሚያልፈው። የሚይዘው ነገር ስለሌለው ነው። ያኔ ምን ያደርጋል? በውጤት ይደረድራል፤ ከ3.5 በላይ ያሉትን ጠርቶ ሌላውን ይዘጋል። አንቺን ከሌላው የሚለይ ሌላ ነገር ካልሰጠሽው አንቺ ለሱ 3.21 ብቻ ነሽ።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ ልመለስ፤ ለእኔ ወደ ጻፍሽው። «ሂሳቧን እይዝላታለሁ፤ ግን ይሄ ሥራ አይባልም» ብለሻል። ይቺ ዓረፍተ ነገር ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። እንዴት እንደምትይዢው በኢሜይል ስጠይቅሽ የመለስሽልኝን፣ በፈቃድሽ፣ አንባቢዎችም ይስሙት።

እናትሽ እህል በዱቤ ይሰጣሉ። የዱቤውን ደብተር ስትረከቢ ስሞቹ «የሹፌሩ ሚስት»፣ «ቀይዋ»፣ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» የሚሉ ነበሩ። ቀን የለውም። የተከፈለው ተሰርዟል፤ በከፊል የተከፈለው ግን ከላዩ ሌላ ቁጥር ተጽፎበታል። አንቺ ሦስት ሳምንት ከእናትሽ ጋር ቁጭ ብለሽ እያንዳንዱን ሰው በሙሉ ስሙ፣ በስልኩ፣ በቀኑ ኤክሴል ላይ አሰፈርሽው። 46 ባለዕዳ ተገኘ። ከ46ቱ 14ቱ ከስድስት ወር በላይ የቆዩ ናቸው። እናትሽ ያንን ወረቀት ይዘው ሲጠይቁ በሁለት ወር ውስጥ ዘጠኙ ከፈሉ። ቀጥለሽ ቅዳሜ ቅዳሜ የገባውን ኩንታልና የተሸጠውን ማመሳከር ጀመርሽ። ቁጥሩ አልገጥም ሲልሽ ጆንያዎቹን አስመዘንሽ፤ ከአንድ አቅራቢ የሚመጣው ጤፍ በየኩንታሉ እስከ ሁለት ኪሎ ይጎድል ነበር።

ይሄን «ሥራ አይባልም» ያለሽ ማነው? ዩኒቨርሲቲ የተማርሽው ተሰብሳቢ ሂሳብ ማለት ይሄ ነው። ዕዳን በዕድሜው መለየት ይሄ ነው። የዕቃ ቆጠራና ማመሳከር ይሄ ነው። የጎደለውን ሁለት ኪሎ ማግኘት ደግሞ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ሁሉ አያደርገውም፤ ቁጥሩ አልገጥም ሲል «ተወው» የሚል ሞልቷል። ሲቪሽ ላይ ግን ስለዚህ አንድ መስመር የለም። ከ2015 በኋላ ባዶ ነው። በምትኩ ግማሽ ገጽ ያህል «ቋንቋ»፣ «የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ፦ ማንበብና ሙዚቃ መስማት»፣ «የጋብቻ ሁኔታ»፣ «ሃይማኖት» ሞልተሽበታል። ከቋንቋው በቀር ሁሉንም አውጪው። ለሂሳብ ሥራ የሚጠቅም የለበትም።

በዚያ ቦታ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦

«የሂሳብ ያዥ፣ የቤተሰብ እህል መደብር፣ ሐዋሳ። የ46 ደንበኞችን የዱቤ መዝገብ ከደብተር ወደ ኤክሴል አዛውሬ በዕዳው ዕድሜ ለይቻለሁ፤ ከስድስት ወር በላይ ከቆዩት 14 ዕዳዎች ዘጠኙ በሁለት ወር ውስጥ ተሰብስበዋል። በየሳምንቱ ግዢና ሽያጭ አመሳክራለሁ፤ በዚህም ከአንድ አቅራቢ በሚመጣ ምርት ላይ የክብደት ጉድለት አግኝቻለሁ።»

«የቤተሰብ» የሚለውን ቃል እንዳትደብቂው። ስትጠየቂ ያለ ጭንቀት የምትመልሽው ገና ከመጀመሪያው እውነቱን ስታስቀምጪው ነው። አንድ ነገር ደግሞ እወቂ። «ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ማኅተም ያለበት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚጠይቅም አለ። የእናትሽ መደብር ይሄን ላይሰጥሽ ይችላል። ስለዚህ ጉልበትሽን «ዜሮ ዓመት» በሚሉትና አዲስ ምሩቅ በሚጠሩት ላይ አሳርፊው። እዚያ ሌላው ባዶ ወረቀት ሲያቀርብ አንቺ ይሄን ይዘሽ ነው የምትቆሚው።

ሁለተኛው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ሳየው ግን ደነገጥኩ። ሲቪሽ በእንግሊዝኛ ነው። የምረቃ ዓመትሽን 2015፣ የልደት ዓመትሽን 1993 ብለሻል። ለእኛ ትክክል ነው። ግን ኋላ በላክሽልኝ የማመልከቻ መመዝገቢያ ደብተርሽ መሠረት 20 ያህሉ ማመልከቻ የሄደው የውጭ ድርጅት ጋ ነው። እዚያ ሲቪሽን የሚያየው ናይሮቢ የተቀመጠ ሰው ሊሆን ይችላል። የሱ 2015 የእኛ 2007 ነው፤ አንቺ ያኔ 8ኛ ክፍል ነበርሽ! እሱ የሚያየው ግን ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ከተመረቀች ብዙ ዓመት የሆናት፣ ከዚያ ወዲህ ምንም ያልሠራች ሴት ነው። ሁለቱም ቁጥር በአንድ ዓይነት ስለተሳሳተ እርስ በርሱ ይስማማል። ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። «ከተመረቀ ከሦስት ዓመት ያልበለጠው» የሚል ቅጽ ከሆነማ ኮምፒውተሩ ራሱ ነው የሚያስወጣሽ፤ ሰው ዓይን ሳይደርስ።

በእንግሊዝኛ በምትጽፊው ሁሉ ላይ ዘመኑን በነሱ አድርጊው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ላይ 7 ትጨምሪያለሽ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ባለው ላይ ደግሞ 8 ትጨምሪያለሽ። ሐምሌ 2015 የተመረቅሽው በነሱ ጁላይ 2023 ነው። ወሩንም ጻፊው፤ ዓመት ብቻ አትተዪ። ቴምፖሽ (ጊዜያዊ የምረቃ ምስክር ወረቀትሽ) ላይ ያለውንም ቀን አመሳክሪው።

ስምሽም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። የአባትሽ ስም ቴምፖሽ ላይ በአንድ «ኤስ» ነው የተጻፈው፤ ሲቪሽ ላይ በሁለት። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ሰው ነው። አንዱን ምረጪና በሁሉም ቦታ እሱን ተጠቀሚ፤ ብመርጥልሽ ቴምፖው ላይ ያለውን እመርጣለሁ። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ሲልሽ የአያትሽን ስም አስገቢ የሚል አለ፣ የአባትሽን የሚል አለ። ዋናው ነገር በየቅጹ አለመለዋወጥሽ ነው።

ማስታወቂያ ስለማንበብ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ያያያዝሽልኝን የአንድ አስመጪ ድርጅት ማስታወቂያ ውሰጂ። ዘጠኝ ነጥብ ተዘርዝሯል። ስድስቱ በየማስታወቂያው የሚገለበጡ ናቸው። ሦስቱ ግን የራሱ ናቸው፤ «የተሰብሳቢ ሂሳብ ክትትል»፣ «የመጋዘን ቆጠራ» እና «ፒችትሪ» የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር። ይሄ ድርጅት የሚያመው የት እንደሆነ ነግሮሻል። ዕቃ በዱቤ ይሸጣል፤ ገንዘቡ አይሰበሰብለትም፤ መጋዘኑ ያለው ቁጥር መዝገቡ ላይ ካለው አይገጥምም። የእናትሽ መደብር በሽታ ትልቅ ሆኖ ቁጭ! አንቺ ለዚህ ድርጅት «ታታሪ ነኝ» ብለሽ ላክሽለት።

ደብዳቤሽ በዚያ መጀመር ነበረበት። ለምሳሌ፦ «ማስታወቂያችሁ የተሰብሳቢ ሂሳብ ክትትልና የመጋዘን ቆጠራ ላይ የሚሠራ ሰው እንደሚፈልግ ይገልጻል። ከተመረቅኩ ወዲህ በቤተሰቤ የእህል መደብር የምሠራው ይህንኑ ነው። የ46 ደንበኞችን የዱቤ መዝገብ...» እያልሽ ትቀጥያለሽ። ሦስት አጭር አንቀጽ ይበቃል። አንደኛው የሠራሽው፣ ሁለተኛው የተማርሽውና የመውጫ ፈተናው፣ ሦስተኛው ስልክሽና መቼ ሥራ መጀመር እንደምትችዪ። ማስታወቂያው የተጠቀመባቸውን ቃላት ራሳቸውን ተጠቀሚ፤ ማመልከቻውን መጀመሪያ የሚያጣራው ኮምፒውተር ከሆነ የሚፈልገው እነሱን ነው። የማታውቂውን ግን አታስገቢ። ፒችትሪን ዩኒቨርሲቲ በላብ ብቻ ካየሽው «በኮርስ ደረጃ ሠርቼበታለሁ» በዪ። በደንብ አውቃለሁ ብለሽ ገብተሽ ኮምፒውተር ፊት ሲያስቀምጡሽ የሚሆነውን አይቻለሁ፤ ለሰውየውም ለጠያቂዎቹም የሚያሳዝን ነው።

ኢንተርንሺፕ የወጣሽበትንም «ኢንተርንሺፕ፣ ሁለት ወር» ብለሽ ብቻ አልፈሽዋል። ምን ሠራሽ? ፔይሮል (የደሞዝ ስሌት) ስታግዢ ነበር ብለሽኛል። እንግዲያው የስንት ሠራተኛ እንደነበር ጻፊ። የጡረታውን 7 ከመቶ ከሠራተኛው፣ 11 ከመቶ ከአሠሪው ማስላትሽን ጻፊ። ለአንቺ ተራ ነገር ሊመስልሽ ይችላል። ለቀጣሪ ግን «ይቺ ልጅ መጀመሪያ ወር ላይ ከዜሮ አልነሳባትም» ማለት ነው።

አሁን ብዙ ሰው ደብዳቤውን በቻትጂፒቲ ያስጽፋል። አንቺም ሁለቱን እንደዚያ እንዳደረግሽ ነግረሽኛል። እንግሊዝኛሽን እንዲያርምልሽ ማድረጉ አይከፋም። ግን የእናትሽን ደብተር አያውቅም። ካልነገርሽው የሚጽፍልሽ ያንኑ «ታታሪ» ነው፤ ባማረ እንግሊዝኛ። መጀመሪያ አንቺ ጻፊው፤ ከፈለግሽ በአማርኛም ቢሆን። ከዚያ ይታረም።

ስለ መላኩ ፈጠን ልበል። ዶክመንቶችሽ በፎቶ የተነሡ ናቸው። አንዱ ላይ የጠረጴዛ ልብስ ይታያል፤ ስቱደንት ኮፒሽ ደግሞ በቴሌግራም ተልኮ የተመለሰ ስለሆነ ደብዝዟል። በስልክ ስካነር አፕ አንሺያቸው ወይም ኮፒ ቤት አስነሺያቸው። ሲቪ፣ ቴምፖና ስቱደንት ኮፒ በአንድ ፒዲኤፍ ቢሆኑ ደስ ይላል፤ ማስታወቂያው ለየብቻ ካለ ለየብቻ። ዎርድ አትላኪ፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይበታተናል። የፋይሉ ስም «ሲቪ አዲስ የመጨረሻ 3» ነበር። ስምሽንና የቦታውን ስም አድርጊበት። የኢሜይሉ ርዕስ ላይ የሥራ መደቡንና የማስታወቂያውን ቁጥር ጻፊ። ባዶ ኢሜይል ላይ ፋይል ብቻ አያይዘሽ አትላኪ፤ ሰላምታ የሌለው እንግዳ ይሆንብሻል። የኢሜይል አድራሻሽንም ቀይሪው። ያ የ10ኛ ክፍል ስም እዚያው ይቅር።

ቅጹ «የምትጠብቂው ደሞዝ» ሲልሽ «በስምምነት» የሚል ቃል የማይቀበል ከሆነ 1 ወይም 0 አትሙዪ። በተመሳሳይ ቦታ የሚሠሩ ሁለት ሦስት የክፍል ጓደኞችሽን ጠይቂና ያልተጣራውን ጻፊ። እጅሽ ላይ የሚገባውን ጽፈሽ ግብርና ጡረታ ከዚያ ላይ ሲቆረጥ የምትጎጂው አንቺ ነሽ።

በደብተርሽ ያየሁት ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ አንድ ቦታ ጎን «300 ብር ከፍያለሁ» ይላል። «ለፎርም» ብለው በቴሌብር አስልከውሽ ከዚያ ቴሌግራሙ ጠፋ። በጣም አዘንኩ። ለማመልከት፣ ለፎርም፣ ለኢንተርቪው፣ ለሥልጠና ብሎ ሥራ ፈላጊን ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው ብለሽ ያዢ። ስልክሽ ላይ የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥርም ለማንም አትስጪ። ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይ ብቻ ከሆነ የድርጅቱን ስልክ ከሌላ ቦታ ፈልገሽ ደውዪና አጣሪ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ እንዴት ትቀጥዪ? ደብተርሽ ጥር ውስጥ በአንድ ሌሊት 11 ቦታ መላክሽን ያሳያል። የዚያን ሌሊት ድካም ይታየኛል። ከአሁን በኋላ በሳምንት ሁለት ብቻ ላኪ። ሁለት! ሰኞና ማክሰኞ ማስታወቂያ ምረጪ፣ ረቡዕ አንዱን ጻፊ፣ ሐሙስ ሌላውን። የመጨረሻው ቀን ማታ አትጠብቂ፤ ኔትወርክ ይሄዳል፣ መብራት ይሄዳል፣ ድረ ገጹም በዚያ ሰዓት ይጨናነቃል። ከላክሽ ከአንድ ሳምንት በኋላ «ማመልከቻዬ መድረሱን ለማረጋገጥ ነው» የምትል አጭር ኢሜይል ጻፊ። አንድ ጊዜ ብቻ። ደብተርሽን አትተዪው፤ ግን ከቁጥሩ ጎን «ለዚህኛው የጻፍኩት ልዩ ነገር» የሚል ዓምድ ጨምሪበት። ባዶ ከሆነ አይላክ።

ሪፈረንስ ላይ እናትሽን አትጻፊ፤ ቤተሰብ መሆናቸው ምስክርነቱን ክብደት ያሳጣዋል። የኢንተርንሺፕ ኃላፊሽን ደውለሽ አስፈቅጂ። ሁለተኛው ደግሞ እህል የምታስመጡበት ሌላኛው አቅራቢ ሊሆን ይችላል፤ በየሳምንቱ ከአንቺ ጋር ሂሳብ የሚተሳሰብ ነጋዴ ነው። ምን ዓይነት ሂሳብ ያዥ እንደሆንሽ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

የአስመጪው ማስታወቂያ የሚዘጋው የፊታችን ዓርብ ነው አይደል? አንድ ጊዜ ልከሽበታል፤ ቢሆንም «የተሻሻለ ማመልከቻ» ብለሽ ድጋሚ መላክ ነውር የለውም። ዛሬ ማታ መደብሩ ሲዘጋ ጻፊው። ከመላክሽ በፊት ለእናትሽ በአማርኛ አንብቢላቸው። ስለ ደብተሩና ስለ ሁለቱ ኪሎ የጻፍሽው ላይ የተሳሳተ ቁጥር ካለ እሳቸው ያርሙሻል። ከዚያ ለእኔም ላኪልኝ፤ ሐሙስ ጠዋት አየዋለሁ።